የአፈሩን መስመጥ ስለተናገረው የመስታወት ክር

ለተከበራችሁ የከተማችን የምድር ውስጥ ባቡር ግንባታ ኃላፊዎች፤

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ የማይነቃነቅ ወለል ረግጣችሁ በፍጹም ጤንነት ይህን እንድታነቡ የምመኘው፣ ከሐር ፋብሪካ በጡረታ የወጣሁት የድልድይ ሥር ሰፈር ነዋሪ ጉ ፔይዠን ነኝ።

1. ባቡሩ በቤቶቻችን ሥር እንዲያልፍ ስትወስኑ፣ በያንግትዜ ወንዝ ደለል ውስጥ አርባ ሜትር አስቆፍራችሁ ኦፕቲካል ፋይበር የተባለውን ቀጭን የመስታወት ክር ስለቀበራችሁልን እናመሰግናለን። ኢንጂነራችሁ ታዎ ሹዪን፣ «እማማ፣ አፈሩ ሲሰምጥ ክሩ ይለጠጣል፤ በውስጡ የሚሄደው ብርሃን የት ቦታ እንደተለጠጠ ይነግረናል» ብላ አስረድታኛለች። ክሩም አላሳፈራትም፤ ሚያዝያ ላይ ስድስት ሚሊ ሜትር፣ ሰኔ ላይ ሃያ ሦስት ተናገረ።

2. ሃያ ሲያልፍ ቁፋሮው ይቆማል የሚለውን ደንባችሁን፣ ቁፋሮው ከሚቆም ይልቅ ወሰኑ አርባ ይሁን ብላችሁ በአንድ ፊርማ ስላቃለላችሁት አደንቃለሁ። ታዎንም «ክሩ ነገር ያጋንናል፤ አንቺም እንደዚያው» ብላችሁ ወደ ሌላ ከተማ አዛወራችኋት። በምትሄድበት ቀን ሻንጣዋን ይዛ የጎረቤቴን የጋሽ ቢያንን በር አንኳኳች።

«ጋሼ፣ እባክዎ ወደ ልጅዎ ቤት ይሂዱ።»

«መሬቱ ደህና ነው የሚል የባቡር ግንባታው ቢሮ ወረቀት ደጃፌ ላይ ተለጥፏል። አንቺ ከቢሮው ትበልጫለሽ?»

ዓይኑ ስለደከመ ወረቀቱን ያነበብኩለት እኔ ነበርኩ።

3. በሐምሌ አንድ ጠዋት፣ ጋሽ ቢያን ለዎንቶን ሾርባው ውሃ እንደጣደ የወጥ ቤቱ ወለል ከነምድጃው ወደ ታች ገባ። ጎረቤት ሁሉ በእጁም በአካፋም እስከ ቀትር ቆፈረ። ስናወጣው ትንፋሽ አልነበረውም። ሠራተኞቻችሁ ብርቱካን በቅርጫት ይዘው መጥተው አጽናኑን፤ «ቤቱ አሮጌ ነበር» ብለው መዘገቡ፤ በማግስቱ ክሩን ቆርጠው ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፈኑት።

ባለፈው ሳምንት የጻፋችሁልን ደብዳቤ «ከሐምሌ ወዲህ በአካባቢው የመሬት መስመጥ አልተመዘገበም» ይላል። እውነታችሁን ነው፤ መዝጋቢው ተቆርጧል።

ይህን የምጽፈው አንዳች ነገር ይለወጣል ብዬ አይደለም። ስጽፍ እንኳ የቁፋሮው ንዝረት ከጠረጴዛዬ እግር ይሰማኛል።

ለማይደክመው ትጋታችሁ ዝቅ ብላ፣ በየወሩም ይበልጥ ዝቅ እያለች እጅ የምትነሳችሁ፣
ጉ ፔይዠን

ማስታወሻ፦ ከሰፈራችን ሥር ለሚሠራው ጣቢያ ምረቃ ስለላካችሁልኝ የክብር ጥሪ አመሰግናለሁ። መኪና እንዳትልኩልኝ፤ በዚህ አያያዛችሁ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ከነአልጋዬ ጣቢያው ውስጥ እገኛለሁ።