ቃል ሳበጥር ልጅሽ ስልኩን ዘጋች

ውድ እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ አንቺም፣ ባልሽም፣ ያቺ ሳቂታ ልጅሽም ደህና ሆናችሁ እንዲያገኛችሁ እመኛለሁ። ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? እማዬ ባለፈው እሑድ ድምፅሽን ሰምታ «ይህቺ ልጅ ጎንበስ ብላ ነው የምታወራው፣ ወገቧን ያማታል» ብላ ፈርዳለች። ካላመመሽ እሰየው፤ ካመመሽ ግን ደብቀሽ የትም አትደርሺም። ብርዱ ለቀቃችሁ? የልጅሽ የወለቀው የፊት ጥርስ በቀለ?

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባዬ መነጽሩን ከቀየረ ወዲህ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ራሱ ማስገባት ጀምሯል፤ የደንበኞቹም ሱሪ ቀጥ ብሎ መሰፋት ጀምሯል። ታናሻችን ቁመቱ ከበሩ ጋር ሊጣላ ደርሷል። እማዬ ጉልበቷን አንዳንዴ ይይዛታል እንጂ ምላሷን የሚይዘው ነገር እስካሁን አልተገኘም።

በስልክ እያወራን ለምን ደብዳቤ ጻፈች እንደምትዪ አውቃለሁ። እማዬ ስልኩን ጮክ አድርጋ ጠረጴዛው መሀል ታስቀምጠዋለች፤ እዚያ ላይ የሆድን ማውራት አደባባይ ላይ ልብስ እንደ መቀየር ነው። ጎረቤታችን ነርሷ ወደ እናንተ ስለምትመጣ በእሷ እጅ ልኬዋለሁ። ብቻሽን አንብቢው።

እትዬ፣ ነገሩ ቅናት ነው። መጀመሪያ በማን እንደቀናሁ ብነግርሽ ትስቂያለሽ፤ በእማዬ። በየእሑዱ አማርኛ የማታውቀው ልጅሽ ስልክ ላይ ስትመጣ እማዬ ያላትን እንግሊዝኛ በሙሉ ታወጣዋለች፤ «የስ ቤቢ! ኦኬ ቤቢ! ውይ ልሙትልሽ፣ በላሽ?» ትላለች። ልጅሽ ደግሞ ስለ ትምህርት ቤቷ ይሁን ስለ ጎረቤት ውሻ ረጅም ታሪክ ትተርክላታለች። አንዷ የሌላዋን ግማሽ አትሰማም፤ ግን ሁለቱም ስቅ እስኪላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ስልኩ ይሰጠኛል። እኔ ባለዲግሪዋ፣ ያንቺን ሽፋን አልባ የሰዋስው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር የጠጣሁት፣ «ሄሎ፣ ሃው አር ዩ» እላለሁ፤ «ፋይን» ትለኛለች፤ ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ለእማዬ እመልሳለሁ።

ሁለታችንም በተማርንበት ክፍል ሰው ሲሳሳት ምን ይደረግ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አስተማሪው ጠመኔውን ያስቀምጣል፤ ክፍሉ በሙሉ ይስቃል፤ የተሳሳተው እስኪቀመጥ ሳቁ አይቆምም። እኔ ያኔ የተማርኩት እንግሊዝኛ ሳይሆን መሳቂያ አለመሆንን ይመስለኛል። አሁንም አፌን ልከፍት ስል ያ ክፍል ጆሮዬ ላይ ይንጫጫል። አንቺ እንዴት እንዳመለጥሽው አላውቅም፤ ከባልሽ ጋር በእንግሊዝኛ ስታወሪ ውሃ እንደሚያፈስ ሰው ስሰማሽ ባንቺም ሳልቀና አልቀረሁም።

ባለፈው ወር ልጅሽ «አክስቴ አትወደኝም እንዴ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ለእማዬ ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ሳህን እያጠብኩ ነበር። ቧንቧውን ሳልዘጋው ቆሜ ቀረሁ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ፤ እሳቱ ያለው እዚያ ነውና። የጫማ ፋብሪካችን ቢሮ ከማሽኖቹ በላይ ስለሆነ ወለሉ ቀኑን ሙሉ እንደ ባለወባ ይንቀጠቀጣል፤ የማስቲሹ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ፀጉራችን ውስጥ ያድራል። ከውጭ ገዢዎች ጋር የሚጻጻፍና የሚነጋገር አንድ ሰው ሊመደብ ነው ሲባል ዓይኔ በራ። እንግሊዝኛዬን የማወጣበት፣ ደረሰኝ ላይ ማህተም ከመምታት የምገላገልበት በር እሱ ብቻ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነን፦ እኔና አጠገቤ የምትቀመጠዋ፣ ከእኔ ጋር ባንድ ዓመት የተመረቀችው፣ ወሬዋ ስለማይቋረጥ ቢሮው በሙሉ ሬዲዮ የሚላት ልጅ። ሥራ አስኪያጁ አንዲት ገዢ እንደምትመጣ፣ ሁለታችንም ፋብሪካውን እያዞርን እንድናሳያት፣ የተሻለችው ቦታውን እንደምትይዝ ነገረን።

እትዬ፣ እንዴት እንደተዘጋጀሁ ብታዪ! ከቆዳ መቁረጫው እስከ ማሸጊያው ለእያንዳንዱ ክፍል የሚባለውን ጻፍኩ። ግሡን አረምኩ፣ ጊዜውን አስተካከልኩ፣ ደግሜ ጻፍኩ፣ ከዚያ በቃሌ ያዝኩት። አባዬ ሱሪ እየተኮሰ አድማጬ ሆነ፤ ስጨርስ ሁልጊዜ «አማረብሽ፤ ምን እንዳልሽ ግን እግዜር ይወቀው» ይለኛል። ሬዲዮን አትዘጋጂም ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ እንዳትዘጋጅ እየተመኘሁ። «ምኑን አዘጋጃለሁ? ጫማው እንደሆነ እዚያው አለ» አለችኝ። በቃ አለቀላት፣ ቦታው የእኔ ነው አልኩ በሆዴ።

ገዢዋ መጣች፤ ረጅም፣ ሽበታም፣ ጫማዋ ከእኛ ጫማዎች ሁሉ ያረጀ ሴትዮ። እኔ ቀደምኩ። ቆዳ መቁረጫው ጋ እንደ ውሃ ወረደልኝ። ስፌት ክፍል ጋ ሥራ አስኪያጁ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ማስቲሽ ክፍል ደርሼ የሦስተኛውን ገጽ መጀመሪያ ስጀምር ሴትዮዋ እጇን አንስታ አቋረጠችኝ፤ ዝናብ ሲመታው ይህ ሶል አይለቅም ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄው ገብቶኛል። መልሱንም አውቀዋለሁ፤ ጫማውን ባልዲ ውሃ ውስጥ አሳድረን እንደምንፈትነው ማንም ሠራተኛ ያውቀዋል። ግን ወረቀቴ ላይ አልነበረም! የቱን ግሥ ላስቀድም፣ «ይፈተናል» ልበል «እንፈትነዋለን» ልበል ስል ምላሴ ተሳሰረ። ያጠናሁት ክር ስለተበጠሰብኝ ሌላ መነሻ አጣሁና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። «እንኳን ወደ ፋብሪካችን በደህና መጡ» አልኳት። ሴትዮዋ እኮ ከገባች ቆይታለች።

እኔ እዚያው ስደርቅ ሬዲዮ ከኋላዬ ብቅ አለች። ጫማዋን ከእግሯ አወለቀች፤ ፋብሪካችን የሠራው ነው፤ ባንድ እግሯ እየዘለለች ባልዲው ውስጥ ነከረችው። ከዚያ ምን አለች መሰለሽ? በአማርኛ ብመልሰው «ጫማ ዋኘ። ሌሊት ሙሉ ዋኘ። ማስቲሽ አላለቀሰም» እንደ ማለት ነው። ከዚህም የባሰ ነበር፤ ግሡ አንድ ቦታ፣ ባለቤቱ ሌላ ቦታ። ሴትዮዋ ግን ሳቀች፤ ውሃ የሚንጠባጠበውን ጫማ ተቀብላ ሶሉን ጎተተች፣ አጣመመች፣ ሌላም ሌላም ጠየቀች። ሬዲዮ በእጇ፣ በእግሯ፣ በቅንድቧ ሁሉ መለሰችላት። እኔ ከኋላቸው እየተከተልኩ ስህተቷን እለቅም ነበር። ስንት እንደለቀምኩ አትጠይቂኝ፤ የለቀምኩትን የሚገዛኝ አልተገኘም።

ቦታው ለሬዲዮ ተሰጠ። እንኳን ደስ ያለሽ ብዬ ሳምኳት፤ ጥርሴ እንጂ ሆዴ አልሳቀም። አዲስ ወንበር ሲያመጡላት ወንበሩ እንኳ ጠላቴ ሆነ። ለገንዘብ ያዧ ሴትዮ «እንግሊዝኛዋ እኮ መልክ የለውም» ብዬ አማኋት። «መልክማ ላንቺ ተሰጥቷል፤ እሷ በእግሩ አስሄደችው» አለችኝና ሻይዋን መጠጣት ቀጠለች።

ለእማዬም ለራት ስንቀርብ አወራሁ። የሬዲዮን ስህተት አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። እማዬ ጨርሼ እስክተነፍስ ጠበቀችና «ታዲያ ሴትዮዋ ገባት?» አለችኝ። ገባት አልኩ። «ያንቺስ?» አለችኝ። አባዬ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፋ። ከዚያ እማዬ ምን አለችኝ፤ «ልጄ፣ አንቺ እህሉን አበጥረሽ እስክትጨርሺ የራበው ሰው ተነስቶ ይሄዳል።»

አልገባኝም ብዬ ተነጫነጭኩ። የገባኝ በማግስቱ እሑድ ነው፤ ያንን አንቺም ታውቂዋለሽ። እማዬ ጎረቤት ሄዳ ስለነበር ስልኩን እኔ አነሳሁት፤ ልጅሽ ነበረች። ጥርሷን የት እንዳስቀመጠች መሰለኝ የነገረችኝ፤ ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። እኔ መልሱን መደርደር ጀመርኩ፤ ባለቤቱን አስቀመጥኩ፣ ግሡን ፈለግኩ፣ መስተዋድዱን ለወጥኩ። «ሄሎ? ሄሎ?» አለች። አረፍተ ነገሬ አምሮ፣ ተበጥሮ ሲያልቅ አፌን ከፈትኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። አንቺ በኋላ ስትደውዪ «ኔትወርክ ነው» ያልኩሽ ኔትወርክ አልነበረም።

ሰኞ ሬዲዮ ወንበሯን ጎትታ መጣች። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለገዢዋ መጻፍ ነበረባት። «ማውራቱን እንደ ምንም አወራለሁ፤ ወረቀት ሳይ ግን እጄ ይደነዝዛል። አንቺ ስትጽፊ እኮ በቅናት ልሞት ነው» አለችኝ። እትዬ፣ እህቴ ስለሆንሽ እውነቱን ልንገርሽ፤ አላዘንኩላትም። እንደቀናችብኝ ስሰማ ማር የላስኩ ያህል ጣፈጠኝ! ሳምንቱን ሙሉ ከበላሁት ምግብ ሁሉ የተስማማኝ እሱ ነው።

ቢሆንም ተዋዋልን። ምሳ ሰዓት ካርቶን መጋዘኑ ጀርባ ተቀምጠን እኔ ሰዋስው አስተምራታለሁ፤ ያንቺን መጽሐፍ ይዤ ነው የምሄደው፤ አንቺ ያሰመርሽበት ቦታ ስንደርስ እሷም ታሰምራለች። እሷ ደግሞ እኔን ታናግረኛለች። ሕጉን ያወጣችው እሷ ናት፤ የጀመርኩትን ሳልጨርስ ወደ ኋላ ተመልሼ ማረም አይፈቀድልኝም። የመጀመሪያው ቀን አላበኝ። ስለ አባዬ መነጽር ልነግራት ሞክሬ ሱሪ የሚሰፋው መነጽሩ ሆኖ አረፈው። ሳቀች። እሞታለሁ ብዬ ነበር፤ አልሞትኩም። አሁን ደብዳቤዎቿ እየጠሩ ነው፤ የእኔም ምላስ እየተፈታ ነው፤ ግን ቀናሁ ወይ ብትዪኝ ዛሬም እቀናለሁ። ያቺን ወንበር ባየሁ ቁጥር እቀናለሁ። ሁለተኛ ሰው እንደሚጨመር ወሬ አለ፤ ያን ጊዜ ጫማዬን ለማውለቅ እኔ እቀድማለሁ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ስትደውዪ መጀመሪያ ለእማዬ አትስጪያት፤ ልጅሽን ከእኔ ጋር አገናኚኝ። ስናገር ከጎኗ ሆነሽ አታርሚኝ፤ ይህን በእናታችን ይዤሻለሁ። ብትስቅብኝ ተያት፤ በእማዬ የቀናሁት በዚያው ሳቅ ነውና ድርሻዬን ላግኝ።

አባዬ ናፍቆቱን በብዙው ልኳል፤ የባልሽን የወገብ ልክ ላኪልኝ፣ አዲስ ሱሪ ልሰፋለት ብሏል። እማዬ ወገብሽን በሙቅ ውሃ እንድታሺው አዛለች፤ ሳትሰሚ ብትቀሪ በድምፅሽ እንደምታውቅብሽም አስጠንቅቃለች። ታናሻችን ሰላም ብሎሻል፤ ጫማ ልትልኪለት ካሰብሽ ተዪው፣ ጫማ ሞልቶናል። ባልሽን በእኔ ስም ሰላም በዪልኝ። ጎረቤቶችም ደህና ናቸው፣ ሁሉም ይጠይቁሻል።

ለልጅሽ ግን ሰላምታ አልላክሁም። የእሷን እሑድ በራሴ አፍ እነግራታለሁ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከካርቶን መጋዘኑ ጀርባ ተጀምሮ እቤት፣ በአባዬ የስፌት መኪና አጠገብ አለቀ
ሐሙስ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን