የጠዋቷ ኪኒን

ሰኞ፣ ኅዳር 9
የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሳርም ዋልኩ። ነገ ምርመራ አለኝ። ከአንጎሌ ሥር ያለችው ዕጢ በቀዶ ጥገና ከተነካች ወዲህ፣ ከኩላሊቶቼ በላይ ያሉት ዕጢዎች ሥራ አቁመዋል። የቆምኩት በኪኒን ነው። ነገ የሚታየው እሱ ነው፤ ነቅተው ይሆን?

ዶክተር ሀብቶም፦ "ደም ሳንቀዳ የጠዋቷን ኪኒን እንዳትወስጂ።" ለአክስቴ ለአባይነሽም ነገርኳት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10
አክስቴ ሻይ ካልጠጣሽ አትወጪም አለች። ዝንጅብሉ በዝቶ መረረኝ... ጠጣሁት። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ደም ቀዱ፣ ዕጢዎቹን የሚቀሰቅስ መርፌ ወጉኝ፣ ቆይተው ደግመው ቀዱ። ምንም አልደከመኝም!

ዓርብ፣ ኅዳር 13
ውጤቱ ጥሩ ነው! "ዕጢዎቹ ነቅተዋል። ከሰኞ ጀምሮ ኪኒኑን ቀስ በቀስ እናቆማለን" አለኝ ዶክተሩ። አለቀስኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ነአምን ሰምቶ ደወለ፤ እሁድ ስለ መፈወሴ ምስክርነት እንድሰጥ። አክስቴ እልል ትላለች ስል ተነሥታ ጓዳ ገባች። ምን ሆና ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14
ከሾላ ገበያ ሽንኩርት ይዘን ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቆመች።

"ማዕዶትዬ... የዚያን ዕለት ኪኒኗን ሻይሽ ውስጥ አሟሙቼልሽ ነበር።"

"ምን?"

"ባዶሽን ወጥተሽ መንገድ ላይ ብትወድቂስ ብዬ! ምርመራውን ያበላሻል ብዬ መች አሰብኩ..."

ለካ ደሜ ውስጥ የለኩት ኪኒኑን ኖሯል። ጮህኩባት፤ ሰው ቆሞ አየን። ኪኒኑን ባቆም እኮ እሞት ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። በጣም ተናድጃለሁ። ግን ባትነግረኝስ?

እሁድ፣ ኅዳር 15
ምስክርነት አልሰጠሁም። ፓስተሩን "አልተፈወስኩም" ማለት አቃተኝ። "ገና እየመረመሩኝ ነው" አልኩት።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18
ሰኞ ለዶክተሩ የሻዩን ነገር ነግሬው ነበር፤ ዛሬ ደግመው መረመሩኝ። ያለ ሻይ፣ ያለ ኪኒን። አሁን ግን ደከመኝ። አግዳሚው ላይ ተጋድሜ ጠበቅኩ፤ አክስቴ እጄን ይዛ።

ሰኞ፣ ኅዳር 23
አልነቁም። "ምናልባት ዕድሜ ልክሽን ነው" አለ ዶክተር ሀብቶም። "ሲያምሽ ትጨምሪያለሽ እንጂ አንድም ቀን እንዳታቆሚ።"

ዕድሜ ልክ... ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ከፋኝ፣ በጣም ከፋኝ። ፓስተሩ ጋ ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። "እንዴት ነሽ ታዲያ?" አለኝ። እስካሁን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።

እሁድ፣ ኅዳር 29
ጠዋት ዝናብ ነበር፣ እንጦጦ በጭጋግ ተሸፍኗል። ምሳ ላይ አክስቴ ጸለየች። ሁልጊዜ "ጌታ ሆይ፣ ከዚህ ኪኒን አላቅቃት" ነበር የምትለው። ዛሬ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ዓይኔን ገልጬ አየኋት።

"ጌታ ሆይ... ኪኒኗን ከፋርማሲ አታጥፋብን።"

አሜን አልኩ። ከልቤ።