ቺምፓንዚዎች ክንዳቸውን የሰጧቸው ሐኪም፣ የዶክተር ራይና ቶፓሎቫ ሕይወት

ዶክተር ራይና ቶፓሎቫ ከአባታቸው ከአቶ ሚሆ ቶፓሎቭና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስታንካ በማሪጻ ወንዝ ዳር ባለች መንደር በሰኔ 1950 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። አባታቸው ለፈረስና ለበቅሎ ኮቴ ብረት የሚመቱ ሰው ነበሩና፣ ራይና ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት የበቅሎ እግር መያዝ ለመዱ።

በሶፍያ የእንስሳት ሕክምና ተምረው በ1974 ተመረቁ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በከተማችን መካነ እንስሳት ተቀጠሩ። በ1979 ከአውቶቡስ ሾፌሩ ከአቶ ዮርዳን ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ዴሲስላቫን ወለዱ።

በዚያን ዘመን ቺምፓንዚ የሚመረመረው በማደንዘዣ ጠመንጃ ተመትቶ ነበር። በ1983 ራይና ለዓመታዊ ምርመራ የመቷት ኩና የምትባል እናት ቺምፓንዚ፣ ከፍ ካለው መደብ ላይ ሳለች ማደንዘዣው ያዛትና ወደቀች፤ አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ ቺምፓንዚዎቹ ነጭ ጋውን ባዩ ቁጥር እየጮኹ ይሸሹ ጀመር። ዶክተር ራይና «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ጋውናቸውን አወለቁ፤ በየማለዳው የደረቀ ፕሪም ይዘው ከቺምፓንዚዎቹ አጥር ሽቦ ሥር መቀመጥ ጀመሩ።

ጠባቂው ጋሽ ፔትኮ ሳይተርቡ አያልፉም ነበር።

«ዶክተር፣ ዛሬም ተፉብሽ?»

«ተፉብኝ። ግን ትናንት ጀርባቸውን ነበር የሰጡኝ፤ ዛሬ ፊት ለፊት ነው የተፉት። እየተቀራረብን ነው፣ ጋሼ!»

እንዲህ መቀመጥ በጀመሩ በስምንተኛው ወር የኩና ልጅ ሊላ በሽቦው ቀዳዳ ክንዷን አሳልፋ ሰጠቻቸው። መርፌው ሲገባ ፊቷን አዞረች እንጂ ክንዷን አልሳበችም። ጋሽ ፔትኮ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እኔ እንኳ ደም ስሰጥ እንዲህ ጨዋ አይደለሁም» አሉ። ራይና ደሙን ቀድተው፣ ብልቃጧን ከድነው፣ ጓዳ ገብተው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ክትባቱም የልብ ምርመራውም፣ በ2012 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ፣ ያለ ጠመንጃ ሆነ።

ዶክተር ራይና በልብ ሕመም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ መጋቢት 9 ቀን 2021 በሰባ ዓመታቸው በቤታቸው አረፉ። በማግስቱ አቶ ዮርዳን፣ «ሚስቴን የሚሻሙኝ እነሱ ናቸው» እያሉ አርባ ዓመት ሙሉ ያልረገጡትን የመካነ እንስሳቱን በር አልፈው ገቡ።

«ባለቤቴ አረፈች» አሏት ተረኛዋን ሐኪም።

«እግዜር ያጽናዎት፣ አባቴ። ሰምተናል እኮ፤ ለምን ደከሙ?»

«ለናንተ አይደለም የመጣሁት። እነሱ ዘንድ ውሰጂኝ፤ የሚነግራቸው የለም።»

ሽቦው ሥር ቆመው ነገሯቸው።

ዶክተር ራይና ከአቶ ዮርዳን ሌላ አንዲት ልጅና ሁለት የልጅ ልጆች ትተዋል። አፈሩ ይቅለላቸው፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ደጋጎች ባረፉበት ያሳርፍልን። ለነፍሳቸው ከተቀቀለው ስንዴ ሳትቀምሱ እንዳትሄዱ።