ለፈትሂያ፣ ስለ ውሻሽ

ፈትሂያ፣

ውሻሽ ዛሬ ጠዋት ቁርስ መብላቷን በታላቅ አክብሮት አሳውቅሻለሁ። የበላችው የእኔን ነው።

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ በካርቶን ይዘሻት ስትመጪ "ለሦስት ቀን ብቻ ነው፣ ወላሂ!" ብለሽኝ ነበር። ይኸው ወር ሆናት። ጆሮዋ ከአንዱ ዘር፣ እግሯ ከሌላው፤ ቁመቷ ድመት አያክልም፣ ጣጣዋ ግን የበሬ ነው። አንቺ በር ላይ ቆመሽ "የኔ ቆንጆ" ትያታለሽ፤ እጠቢያት ስልሽ ለሶላት የታጠብሽው ውዱእ ትዝ ይልሻል። እሷን የማጥባት እኔ፣ ወለሉን የምወለውለው እኔ።

ሩዟ ትንሹ ድስት ውስጥ ነው። በርበሬ የነካው ምግብ እንዳትሰጫት። እግሯ ላይ ያለውን ቁስል ቅባት ቀቢላት፤ ጓንት ገዝቼልሻለሁ፣ ከእንግዲህ ምክንያት የለሽም።

ትናንት "ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ" ያልኩሽ
ደክሞኝ ነው።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አከራያችን እትዬ ዘሃራ በሩን አንኳኩ። "ውሻ አላስገባም ብዬ አልነበር? ዛሬውኑ ካላወጣችኋት ቤቴን ልቀቁልኝ!" አሉ። ብለምናቸው፣ ብለማመጣቸው እንቢ አሉ። አንቺን ሳልጠብቅ ኮምቦልቻ ልመልሳት ቆረጥኩ። ገመዱን አንገቷ ላይ ሳስር ግን አመለጠችኝና ሮጣ የእሳቸውን ቀሚስ ትጎትት ጀመር።

እሳቸውም ሳያስቡት፣ "ሉሉ፣ ተይ እንጂ! ሥጋው ገና አልበሰለም!" አሏት።

ገመዱን ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። እኔና አንቺ እስካሁን ስም አላወጣንላትም።

ሥርጉት