የእሜቴ ክንድ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ከባድ የሐዘን መግለጫ! ዛሬ ጠዋት አባዬ ጨው የተጨመረበት ሻይ ፉት ብሎ፣ መልሶ ሸሚዙ ላይ ተፍቶታል። ለመላው ቤተሰብ መጽናናትን እመኛለሁ።

ጥፋቱ የታላቅ ወንድሜ ነው። ቤት ውስጥ ስም ጽፎ ያልለጠፈበት ዕቃ የለም... ስኳር፣ ጨው፣ ሻምፑ፣ የኔ ፎጣ፣ የሱ ፎጣ። "መዝገብ ቤት" ያልኩት ለዚህ ነው። ትናንት ቤቱ ባዶ ሲሆንልኝ ወረቀቶቹን ሁሉ አቀያየርኳቸው። ዛሬ እየተቆጡ አስመለሱኝ። ኮስተር ብዬ መለስኩ። ሆዴ ግን በሳቅ ሊፈነዳ።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ምንም የለም። ሰለቸኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

እሜቴን አሟታል።

መዝገብ ቤት ሳሎን ባቆመው የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ የምትኖር የባሕር ኮከብ ናት። ቀይ፣ ባለ አምስት ክንድ። ከመስታወቱ ጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅባት እሜቴ አልኳት። ዛሬ አሸዋው ላይ ተዘርራለች። የአንዱ ክንዷ ጫፍ ነጥቶ ልፍስፍስ ብሏል።

አባዬ በር ላይ ቆመ። "ባለፈው ወር ሁለት ዓሣ ሞተብህ። ይቺም ከሞተች ገንዳው ከዚህ ቤት ይወጣል። ጨረስኩ።"

መዝገብ ቤት ሦስት ዓመት የለፋበት ገንዳ ነው። ወደ እኔ ዞረ።

"ከውሃ አውጥተሻት ነበር? አየር ይጎዳታል ብዬሻለሁ!"

"እኔ? እጄን ይቁረጠው!"

እውነቴን ነበር... ግን ማን ያምነኛል?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሲሠራ አየሁት። የገንዳው ውሃ በየቀኑ ትንሽ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላው ጨው በሌለው ውሃ ነው። "ንጹህ" የሚለውን ጀሪካን "የጨው ውሃ" ከሚለው ጎን አነሳ። አንድ ኩባያ፣ ሁለት...

ጀሪካኖቹ!

የነሱን ወረቀት አልመለስኩም! ረስቼዋለሁ! ዞር ሲልልኝ ጣቴን ኩባያው ውስጥ ነክሬ ላስኩት። የሚያንገሸግሽ ጨው። የጨው መለኪያው ከተሰበረ ወር አልፎታል፣ በምን ይወቅ? ስድስት ቀን ሙሉ በገዛ እጁ ጨው ላይ ጨው ሲጨምርባት...

ወረቀቶቹን መልሼ ዝም ልበል? ማን ያውቅብኛል? እሱ ግን ምክንያቱ ጠፍቶት ምግቧን ይቀይራል፣ መብራቱን ያጠፋል። ደግሞ ሌላ አሰብኩ፦ ንጹሁን ውሃ ባንዴ ብገለብጥበትስ? ጀሪካኑን አንስቼ ወደ ገንዳው ዘንበል ሳደርግ ከኋላዬ ደረሰ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ጀሪካኖቹም ነበሩበት" አልኩ።

"ምን ላይ?"

"ሻዩን ባበላሸሁ ጊዜ... ወረቀታቸውን ቀይሬው ነበር። አልመለስኩትም።"

ምነው በጮኸብኝ! ጀሪካኑን ከእጄ ወሰደ።

"ይሄን ሁሉ ባንዴ ብትደፊባት ድፍት ነበር የምትለው። ጨው ቀስ እያለ ነው የሚቀነሰው።"

ከገንዳው ትንሽ ውሃ ቀነሰ። ቀጭን ቱቦ አምጥቶ ንጹሁ ውሃ ወደ ገንዳው ጠብ ጠብ እንዲል መሐሉን ቋጠረው። ወንበር ሳበልኝ።

"ቁጭ በይ። ጠባቂዋ አንቺ ነሽ።"

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ጠብ... ጠብ... ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀጥታ ወንበሩ ላይ። አባዬ ባለፈ ቁጥር፦ "ሞተች?"

አልሞተችም። ክንዷ ግን ተገንጥሎ ወደቀ። አለቀስኩ... አይ፣ ጨው ዓይኔ ገብቶ ነው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

እሜቴ መስታወቱ ላይ ወጥታለች። በአራት ክንድ! አምስተኛው በወደቀበት የሩዝ ፍሬ የምታክል ጫፍ ብቅ ብላለች።

አባዬ አጎንብሶ አያት። "ያቺው ናት?"

"ያቺው ናት።"

"እንግዲህ... ትቀመጥ።"

መዝገብ ቤት ጀሪካኖቹ ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፏል። ከሥሩ በትንንሹ፦ "ከመሙላትሽ በፊት ቅመሺ።" አሁን ጠዋት ጠዋት የምሞላው እኔ ነኝ። እቀምሳለሁ።

ለካ ያ ሁሉ ጭንቀት ለአንድ ክንድ ነው፣ እሱም ተመልሶ ለሚበቅል። ከዚህስ የአባዬ ሸሚዝ ይብሳል። እድፉ እስካሁን አለቀቀም።