የጅራቷ ክፍተት

ቅዳሜ፣ ጥር 17 ቀን
ከመጋረጃ ሱቁ

ለልጄ፣ ለአለቃዬ፤

እንዴት ነሽ? የዚያ አገር ብርድ እንዴት አደረገሽ? እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ጉልበት ተሽሏታል፤ ምላሷ እንደሆነ መቼም ታሞ አያውቅም።

«በሪሞት የምትበረዋን አውሮፕላኔን ለሳይንስ መምህሩ ስጡልኝ፤ መቼ እንደምመለስ አላውቅም» ያልሽበትን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሺ ብዬ መምህሩን ለዛሬ ቀጠርኩት። ግን ታውቂኛለሽ፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ ከእጄ አይወጣም። ስትሄጂ በር ላይ ቆመሽ «አባባ፣ የጅራቷን ክፍተት ሳልዘጋው ነው የምሄደው፤ አየር እየሾለከ አቅም ያሳጣታል» ብለሽኝ ነበር። እኔ ደግሞ «ሂጂ፣ ታክሲው እየጠበቀሽ ነው» ነበር ያልኩሽ።

ሰኞ ዕለት ከቁም ሳጥንሽ ላይ አወረድኳት። ክፍተቱ ጥፍር አያስገባም፤ በጅራቷና ከኋላዋ በምትታጠፈው ክዳን መካከል ነው። ክዳኗን ቀጥ አድርጌ፣ ከሥር ቀጭን ፕላስተር ጥርቅም አድርጌ ለጠፍኩ። ሠላሳ ዓመት ጨርቅ የጠቀለለ ሰው ይሄ አያቅተውም ብዬ። ሪሞቱን ብነካው ወደ ላይ አልታጠፍ አለች። ውስጧ ያለችው ትንሽ ሞተር ብቻ ታቃስታለች።

ጎረቤታችን ሬዲዮ ጠጋኙ አይቶ መነጽሩን እስኪያወልቅ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ክፍተቱን ዝጉ ተባሉ እንጂ ጅራቷን እሰሩ ተባሉ?»

«ካልጠበቀ ምኑን ተዘጋ?»

«መጀመሪያ ክዳኗን እስከምትችለው ድረስ ወደ ላይ ይልቀቋት። ከሥር ክፍተቱ ሲሰፋ ፕላስተሩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ይለጥፉ። ያኔ ብትወጣም ብትወርድም አይይዛትም።»

ለእናትሽ ስነግራት «ይሄን ለመማር ጠጋኝ ዘንድ መሄድ ነበረብህ?» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

እንደተባልኩት አድርጌ ደግሜ ለጠፍኩ። ዛሬ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ሜዳ ወሰድናት። ጠጋኙ ሪሞቱን ያዘ፣ እኔ አንቺ እንደምታደርጊው ፊቴን ወደ ነፋሱ አዙሬ ወረወርኳት። ሳትንገዳገድ ወጣች። አንገቴ እስኪያመኝ አየኋት።

ስትወርድ መምህሩ እጁን ዘረጋ። «በቃ፣ ልውሰዳት?»

«አይሆንም።»

«ምነው? ልጅዎ ፈቅዳ የለም እንዴ?»

«ፕላስተሩ ገና አልያዘም» አልኩት። ነጋዴ ሰበብ አያጣም።

ስለዚህ ቁም ሳጥንሽ ላይ ተመልሳለች። ጠጋኙ እንደሚለው ፕላስተሩ ፀሐይ ሲነካው በሁለት ዓመት ይላቀቃል፣ እንደገና መለጠፍ አለበት። የአሁኑን የለጠፍኩት በእናትሽ መነጽር ነው። በሚቀጥለው ዓይኔ ክፍተቱን ማየቱን እንጃ። እንድታውቂው ያህል ነው።

የዕለት ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገልጬ የሄድሽበትን ቀን አየሁት። የገባውን ጨርቅና የመጣውን ደንበኛ ሳልጽፍ የማላድር ሰውዬ፣ ያን ቀን «ሱቅ ዝግ» ብቻ ብያለሁ። ዛሬ ደግሞ «በረረች» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ለምትመለሺበት ቀን አንድ መስመር ባዶ ተውኩ።

መንገድሽ ይቅና፣ ልጄ። ወደ ላይ ስትዪ የሚይዝሽ አይኑር።

አባትሽ