ወደ ግድግዳ የዞረው ቅዱስ

ሰኔ 6፣ ፍኖተ ሰላም

ዛሬ በካቶሊኮች ዘንድ የጠፋ ነገር በማስገኘት የሚታወቀው የቅዱስ አንጦንዮስ በዓል ነው። የባሌ እህት ለምለም ግን ዶሮዋ ጠፍታባት «ዶሮዬን እስክታገኝልኝ» ብላ ሥዕሉን ወደ ግድግዳ አዙራው ሰንብታለች። አሁን ቅዱስ እንደ ተማሪ ይቀጣል? ይባስ ብላ ጎረቤታችንን እማማ ጥሩን «እርስዎ ነዎት የበሏት» ብላ አስለቀሰቻቸው።

ዶሮዋ ለካ እማማ ጥሩ ማገዶ ሥር ታቅፋ ኖሯል። ጠዋት ከነጫጩቶቿ በነጠላቸው ይዘዋት መጡ።

«እንኪ ልጄ፣ ቅዱስሽ አላሳፈረሽም» አሏት።

ለምለም ሥዕሉን መልሳ አዙራ እየሳመች አመሰገነችው። እሳቸውን ይቅርታ መጠየቅ ቀርቶ ቁጭ ይበሉ እንኳ አላለቻቸውም። ወይ ጸሎተኛ!

ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ «ቅዱሳንን እንምሰል» ስትለኝ፣ «በእማማ ጥሩ ጀምሪያ» አልኳት። አኮረፈች። ታኩርፍ፤ ከፈለገች እኔንም ወደ ግድግዳ ታዙረኝ።